በበይነ መረብ የተገኘ የውጭ አገር ዲግሪ የአቻ ግምት እንዴት ያገኛል?

በደሴ ከተማ በሂሳብ አያያዝ የቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 አጠናቅቄ ሲኦሲውን (የሙያ ብቃት ምዘናውን) ያለፍኩ ሲሆን፣ አሁን ዱባይ በአንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ በካሸርነት እሠራለሁ። ፈረቃዬ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ቋሚ ሰዓት ያለው የማታ ትምህርት አይሆንልኝም።

አገር ቤት ያለ አንድ የግል ኮሌጅ በርቀት ሊያስተምረኝ ተስማምቶ ሞጁሎቹን በቴሌግራም ቢልክልኝም፣ ፈተናው የሚሰጠው በአካል ብቻ በመሆኑ የአውሮፕላን ትኬቱ ከትምህርት ክፍያው በለጠብኝ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው የመውጫ ፈተናም ሌላ ጉዞ ነው።

ከዚያ በኋላ ለማስተማር ሳይሆን ለእያንዳንዱ ኮርስ ምዘና ብቻ የሚያስከፍል፣ በአሜሪካ እውቅና ያለውና ሙሉ በሙሉ በበይነ መረብ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አገኘሁ። የየሳምንቱን ንባብና የቤት ሥራ ከፈረቃ ስወጣ በስልኬ መጨረስ ስለምችል ለእኔ ኑሮ የተሰፋ ይመስላል። የሚያሳስበኝ፣ የውጭ አገር ማስረጃን አቻነት የሚመረምረው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ ስቀርብ የሚጠብቀኝ ነገር ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ተወካይ ስለ አሜሪካው እውቅና እንጂ ስለ ኢትዮጵያ አሠራር ሊነግረኝ አልቻለም።

ሙሉ በሙሉ በበይነ መረብ በተማረው ዲግሪ ከባለሥልጣኑ የአቻ ግምት ያገኘ ሰው ካለ፣ ከዲግሪውና ከትራንስክሪፕቱ ሌላ እንዲያቀርብ የተጠየቀው ማስረጃ ምን ነበር?