ጥቆማ፦ ለቁልቢ ጉዞ የመኪና ዘይት፣ ፍሬንና ባትሪ አዲስ አበባ ውስጥ የት ላስፈትሽ?

የቁልቢ መንገደኛ፦
ጤና ይስጥልኝ። ታኅሣሥ 19 የሚውለውን የቅዱስ ገብርኤል በዓል ለማክበር እናቴንና ልጆቼን ይዤ ወደ ቁልቢ ለመጓዝ አስቤያለሁ። ከበዓሉ በኋላ በደንገጎ ቁልቁለት ወርደን ድሬዳዋ ያሉትን ዘመዶቻችንን እንጠይቃለን። መኪናዬ የ2007 ሞዴል ቶዮታ ቪትዝ ስትሆን ከቤት ወደ ሥራ ከመመላለስ ያለፈ መንገድ አይታ አታውቅም። የሞተርና የካምቢዮ ዘይቷን፣ የራዲያተር ውሃዋን፣ የፍሬን ዘይቷንና ሸራዋን፣ ባትሪዋንም ጭምር በአንድ ቦታ አይቶ መለወጥ ያለበትን ከማያስፈልገው ለይቶ የሚነግረኝ ባለሙያ እፈልጋለሁ። የማመዛዝነው በቶዮታ ወኪሉ በሞኤንኮ፣ በየነዳጅ ማደያው ባሉት የዘይት መቀየሪያ ቦታዎችና በሰፈር ጋራዥ መካከል ነው። በእነዚህ ያሠራችሁ ሰዎች ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ ውለታችሁን አልረሳም። የምኖረው ሳሪስ ነው።

የገርጂ ልጅ፦
ብዙ አይድከሙ። ገርጂ ውስጥ እኔና ወንድሞቼ ሁላችንም የምናሠራበት ጋራዥ አለ፤ ባለቤቱ እጁ የተባረከ ሰው ነው። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን ይናገራል፤ የማያስፈልግ ዕቃም አያስገዛም። አባቴ ኮሮላ ዲኤክስ ይነዳ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የእኛን መኪና ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም።

የቪትዝ ባለቤት ከሲኤምሲ፦
የካምቢዮ ዘይት ስላነሡ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የእኔም መኪና የ2007 ቪትዝ ናት። ለመደበኛ ሰርቪስ ወደ አንድ ጋራዥ አስገባኋት፤ ስሙን እዚህ አልጠራም። ሠራተኛው የካምቢዮ ዘይቷ መጥቆሩን አሳየኝና እንዲቀየር ተስማማን። የሞላበት ግን ለተለመደው አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሆነውን ቀይ ዘይት ነበር፤ የእኔዋ ደግሞ ሲቪቲ ናት፤ ማለትም ካምቢዮዋ በማርሽ ሳይሆን በቀበቶና በፑሌ የሚሠራ ነው። መጀመሪያ ላይ ምንም አልታወቀኝም። ቆይቶ ግን ከመገናኛ ወደ ኮተቤ ስወጣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አልሄድ ትል ጀመር፤ እግሬን ከነዳጁ ሳነሣ ደግሞ ትንቀጠቀጣለች። በመጨረሻ ካምቢዮው ሲፈታ ቀበቶውም ቀበቶው የሚዞርባቸው ፑሌዎችም ተፋፍቀው ተገኙ። ጋራዡ «ድሮም የተበላ ካምቢዮ ነው ይዘሽ የመጣሽው» ብሎኝ ከደሙ ንጹሕ ነኝ አለ። ካምቢዮውን ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ገዝቼ ነው ያስቀየርኩት፤ ለዚያ ያወጣሁት ገንዘብ ዛሬም ያንገበግበኛል። እባክዎ ዘይቱ ሲሞላ አጠገቡ ይቁሙ፤ በጣሳው ላይ የተጻፈውንም ያንብቡ።

ቦሌ ቡልቡላ፦
የጎረቤቴም መኪና እንዲሁ ተበላሽታለች። ለመሆኑ ቪትዝ ሁሉ ሲቪቲ ነው?

መካኒክ ከቃሊቲ፦
ሁሉም አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 የተሠራው የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ በአብዛኛው ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ሲሆን፣ ከ2005 ወዲህ ከመጡት ግን ብዙዎቹ ሲቪቲ ናቸው። በግምት መሥራት ስለማይገባ የካምቢዮው ኮድ በመኪናዋ መለያ ሰሌዳ ላይ ይነበብ። ቶዮታ ለሲቪቲ «ቲሲ» እና «ኤፍኢ» የተባሉ የተለዩ ዘይቶችን ያዛል። በሲቪቲ ውስጥ ኃይል የሚተላለፈው የብረት ቀበቶ በፑሌዎቹ መካከል ተጣብቆ ሲዞር በመሆኑ ዘይቱ ብረቱን ከመፋፋቅ እየጠበቀ ቀበቶው እንዳይንሸራተትም ማድረግ አለበት። የተራው አውቶማቲክ ዘይት ይህን ሁለተኛውን ሥራ አይችልም፤ የእህታችን መኪና ዳገት ላይ እየጮኸች አልሄድ ያለችውም ለዚህ ነው።

አስተያየት ሰጪ ከልደታ፦
ዘይቱ ትክክለኛው ዓይነት ቢሆንም እንኳ ኦሪጅናል መሆኑ በምን ይታወቃል? ባዶ ጣሳ እየገዙ በርካሽ ዘይት ሞልተው መልሰው የሚሸጡ ሰዎች አሉ። እኔ ከነዳጅ ማደያ ውጭ አልገዛም፤ ክዳኑ ፊቴ ካልተከፈተም አልቀበልም። ሥራው ሲያልቅ ባዶውን ጣሳ ተረክቤ በስቼ ነው የምጥለው። ሁላችንም እንዲህ ብናደርግ ለአጭበርባሪው የሚተርፍ ጣሳ አይኖርም ነበር።

የመርካቶ ነጋዴ፦
ማደያ ሁሉ ንጹሕ፣ መርካቶ ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም። ከወኪል አከፋፋይ በደረሰኝ የሚገዛ ሰው መርካቶም ጥሩ ዘይት ያገኛል።

ቀጥተኛ ሰው፦
ጠያቂዋ እናታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ደንገጎን ሊወርዱ ነው። እስካሁን ግን አንድም ሰው ስለ ፍሬን ቃል አልተነፈሰም። የገርጂው ወንድማችን ያሞገሱት ጋራዥ ጎማ ፈትቶ ሸራ ያይ እንደሆነ፣ ባትሪንስ በምን መሣሪያ እንደሚለካ አልነገሩንም፤ የነገሩን አባታቸው እዚያ ያሠሩ እንደነበር ነው። ታማኝነት የፍሬን ሸራ አያወፍርም።

የገርጂ ልጅ፦
ያላዩትን ሰው ሥራ ማጣጣል አይገባም። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን መንገድ ላይ ቆመን አናውቅም፤ ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

የድሬዳዋ መስመር ሾፌር፦
ልጄ፣ በዚህ መስመር ላይ ሸብቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ አይፈላም፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን መፍያው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 በ230 ይጀምርና ወደ 155 ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳያቋርጡ ሲረግጡ ዲስኩ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይሻገራል፣ በውስጡ ያለው እርጥበትም ይተናል። እንፋሎት እንደ ዘይት ግፊት ስለማያስተላልፍ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጥና መኪናው አልቆም ይላል። በየ2 ዓመቱ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው፤ ከተቀየረ ከቆየ ወይም መቼ እንደተቀየረ ካላወቅሽ ለዚህ ጉዞ ማስቀየር ይገባሻል።

ሁለተኛው ነገር የዘይቱ መጠን ነው። የፍሬን ዘይት ዕቃው ውስጥ ጎድሎ ሲታይ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ይሞላል። ሸራ ባለቀ ቁጥር ፒስተኑ ወደ ፊት ስለሚወጣ ዘይቱ እሱን ተከትሎ ይወርዳል፤ ስለዚህ መጉደሉ የሸራ ማለቅ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ አለዚያም የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ሞልተሽ ብቻ ከሄድሽ ምልክቱን ሸፈንሽው። ስለዚህ አራቱም ጎማ ይፈታ። የፊቱ ሸራ ውፍረት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከተጠጋ ይቀየር፤ የኋላው ታምቡርም ተከፍቶ ሲሊንደሩ አለማፍሰሱ ይታይ። «ከውጭ አየሁት፣ ደህና ነው» የሚልሽን ባለሙያ አመስግነሽ ወደ ሌላ ሂጂ።

ሦስተኛው አነዳድ ነው። ከደንገጎ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከዲ ወደ ታችኛው ማርሽ አውርጂ፤ እንደ መኪናው ኤስ፣ ቢ ወይም ኤል ተብሎ ተጽፏል። ሞተሩ ይያዝልሽ። ፍሬኑን ጠበቅ አድርገሽ ረግጠሽ ፍጥነቱን ቀንሺና ልቀቂው፤ እግርሽን ጭነሽበት አትውረጂ። የመቃጠል ሽታ ከሸተተሽ ጥግ ይዘሽ ቆመሽ እስኪቀዘቅዝ ታገሺ፤ በጋለ ዲስክ ላይ ውሃ እንዳታፈሺበት። እናትሽን በሰላም አድርሰሽ በሰላም ይመልስሽ።

መካኒክ ከቃሊቲ፦
የአባታችን ምክር በሙሉ ትክክል ነው። በራዲያተሩ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ክፍት ዕቃ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ራዲያተሩ ከዚያ በላይ እየሞቀም የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝና ኩላንት የሚባለው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ስላለበት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ግፊቱ ያመልጣል፤ ኩላንቱም ሳይጎድል ሞተሩ ይፈላል። ብዙ ሰው ቴርሞስታትና ፖምፓ አስቀይሮ በመጨረሻ ጥፋቱን ክዳኑ ላይ ያገኘዋል። የቧንቧ ውሃ ብቻ እየሞሉ መንዳትም ውስጡን ያዝገዋል። ሮዙ የቶዮታ ኩላንት ተበርዞ የተዘጋጀ ስለሆነ ውሃ አይጨመርበት። ከመተሐራ እስከ አዋሽ ያለው ሙቀት ለጉዳዩ ምሕረት የለውም። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑን ማንም እንዳይከፍት፤ የሚፈናጠረው ውሃ ፊት ያቃጥላል።

የኤሌክትሪክ መኪና ነጂ፦
በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞሬ የሞተር ዘይትንም ካንዴላንም ተገላግያለሁ። ፍጥነት ስትቀንስ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዛት የፍሬን ሸራዋም ቶሎ አያልቅም። ቢሆንም የፍሬን ዘይቷ በጊዜው መቀየር አለበት፤ ኩላንትና ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪም አሏት። የእሷን የፍሬን ዘይት የሚቀይር ጥሩ ቦታ የሚያውቅ ሰው ካለ ቢጠቁመኝ ደስ ይለኛል።

ቀጥተኛ ሰው፦
ወንድሜ፣ ለዚህ የራስዎን ጥያቄ ቢከፍቱ ይሻላል። እዚህ ያለችው ቪትዝ ናት።

የቁልቢ መንገደኛ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በተለይ አባታችንን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አንድ ነገር ልጨምር። ሰሞኑን ማለዳ ሳስነሣት ሞተሪኖው ደከም ብሎ ነው የሚዞረው፤ ቀን ላይ ግን ደህና ናት። አንድ የባትሪ ሱቅ ገና ስነግራቸው ሳይለኩ «ባትሪው አልቋል፣ ይቀየር» አሉኝ። እውነት አልቆ ይሆን?

ኤሌትሪሺያን ከጎፋ፦
ሳይለካ አልቋል ማለት አይቻልም። የታኅሣሥ ማለዳ ቅዝቃዜ የደከመ ባትሪን ያጋልጣል፤ ነገር ግን የላላ ወይም የሻገተ ሞርሴቶም (የባትሪው ገመድ መቆንጠጫ) ልክ እንዲሁ ያደርጋል። በቅድሚያ በባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት መኖሩን ይመልከቱ። ካለ የኔጌቲቩን ገመድ አስቀድመው ፈትተው፣ ሶዳ በተበጠበጠበት ሙቅ ውሃ አጥበው፣ አድርቀው መልሰው ያጥብቁ። ከዚያም መኪናዋ ስትቆም አድራ ጠዋት ሳትነሣ በቴስተር ይለካ። 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ ወርዷል። ሞተሩ ሲነሣ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ዲናሞው በደንብ እየሞላ ነው፤ ካላሳየ ግን አዲስ ባትሪ ቢገዙም መልሶ ይወድቃል። ባትሪው ውሃ የሚሞላበት ዓይነት ከሆነና ከጎደለ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ አሲድ ሊጨምርልዎ የሚነሣ ሰው ካለ ይከልክሉት። መግዛት ግድ ከሆነ የተመረተበትን ቀን አስነብበው፣ ዋስትናውን በጽሑፍ ተቀብለው፣ ሲገጠም ቆመው ይዩ።

የቶዮታ ደንበኛ፦
ወደ ተጠየቀው ልመለስ። በሞኤንኮ ያሠራሁ ሰው ነኝ። የቶዮታ ወኪል በመሆኑ ለሲቪቲ ዘይትና ለኩላንት የምተማመነው በእሱ ነው፤ ሆኖም ዋጋው ለሁሉም ኪስ አይሆንም፤ ቀጠሮም አስቀድሞ መያዝ ይሻላል። የነዳጅ ማደያዎቹ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ለመቀየር ፈጣን ናቸው፤ ጎማ ፈትተው ፍሬን እንዲያዩ ግን አልጠብቅባቸውም። እኔ ብሆን የካምቢዮውን ዘይት በወኪሉ፣ ፍሬኑን ጎማ ፈትቶ በሚያሳየኝ ጋራዥ፣ ባትሪውን በኤሌትሪሺያን አስፈትሽ ነበር። ሁሉንም በአንድ ቦታ ማሠራት ምቾት እንጂ ግዴታ አይደለም።

የቪትዝ ባለቤት ከሲኤምሲ፦
በሄዱበት ሁሉ የዘይቱን ዓይነት ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። እኔ በጽሑፍ የያዝኩት ነገር ስላልነበረኝ ነው ክርክሩን የተሸነፍኩት።

የድሬዳዋ መስመር ሾፌር፦
ሥራውን በበዓሉ ዋዜማ አታድርጊው፤ ከመንገዱ አንድ ሳምንት ቀደም ብለሽ ጨርሺ። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ጊዜ ይፈልጋል። በመካከሉ ቢሾፍቱ ደርሰሽ ተመለሺ፤ ከዚያ መኪናዋን ካርቶን ዘርግተሽ በላዩ አሳድሪያትና ጠዋት ያንጠባጠበ ነገር መኖሩን እዪ። የፍሬን ፔዳሉንም ሞተሩ ሳይነሣ ረግጠሽ ያዥው፤ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ወደ ጋራዡ መልሻት።

የገርጂ ልጅ፦
የገርጂው ጋራዥ ጎማ ፈትቶ ሸራውን ያሳያል፤ ደውዬ ጠይቄዋለሁ። እሑድም ይከፍታል።