ዲቪን ኮንግረስ ሰጠ፣ ፕሬዚዳንቱ ዘጋው፦ ሥልጣኑ የማን ነው?

የመነሻ ጥያቄ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር)፦
ዲቪ የተቋቋመው የአሜሪካ ኮንግረስ በ1990 ባወጣው ሕግ ነው። በ2020 ግን በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በስደተኛ ቪዛ መግባትን በአዋጅ ሲያግዱ፣ ዕጣ የወጣላቸው ብዙ ሰዎች ሻንጣቸውን እንዳሰሩ ቀሩ። ኮንግረስ የከፈተውን በር አንድ ሰው በፊርማው ከዘጋው፣ ሦስቱ የመንግሥት አካላት እርስ በርስ ይቆጣጠራሉ የሚባለው ምኑ ላይ ነው?

የሕግ ተማሪዋ፦
ታሪኩን ከመካከል አትቁረጡት። የዕጣው ዘመን የሚያበቃው ሴፕቴምበር 30 ነው። ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ በዋሽንግተን የሚያስችል አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ አዋጁ መግባትን ቢከለክልም ቪዛ መስጠትን አይከለክልም ብሎ የባለዕድሎቹ ጉዳይ በፍጥነት እንዲታይ አዘዘ። አንድ ዳኛ ፕሬዚዳንትን የሚገዳደርበት አገር ሚዛን የለውም ልትሉ ነው?

ሾፌሩ፣ ከቨርጂኒያ፦
እህቴ፣ ለስንቱ ደረሰለት? የአክስቴ ልጅ ትእዛዙ ሲወጣ የሕክምና ምርመራው ጊዜ አልፎበት ነበር። ሌላ ሲያደርግ ቀኑ አለቀ። ፍርዱን በስልክ አነበብኩለት፤ «ጥሩ ነው» አለኝ።

የታሪክ መምህሩ፦
አንዳችሁ ፕሬዚዳንቱን ትከሳላችሁ፣ አንዳችሁ ዳኛውን ታመሰግናላችሁ፤ ዋናው ተጠያቂ ግን ስሙ አልተነሣም። 1952ን ተመልከቱ። በኮሪያ ጦርነት መካከል የብረታ ብረት ሠራተኞች ሊያድሙ ሲሉ ፕሬዚዳንት ትሩማን ፋብሪካዎቹን በመንግሥት እጅ አስገቡ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን ወር 6 ለ3 «ይህን ሥልጣን ኮንግረስ አልሰጠዎትም» አላቸው፤ በዚያው ዕለት መለሱ። እስከዚህ ያማረ ታሪክ ነው። በዚያው ወር ግን ኮንግረስ ራሱ አንድ የስደተኞች ሕግ አጸደቀ። ፕሬዚዳንቱ የማንኛውንም የውጭ አገር ሰው መግባት ለአገር ይጎዳል ብለው ካመኑ፣ አስፈላጊ ነው ላሉት ጊዜ ያህል ማገድ ይችላሉ የሚል አንቀጽ ያለበት ነው። ትሩማን ሕጉን በሌሎች ምክንያቶች አልፈርምም ብለው ነበር፤ ኮንግረስ ግን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያለ ፊርማቸው አጸደቀው። የ2020ው አዋጅ የቆመው በዚህ አንቀጽ ላይ ነው። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትራምፕ በተወሰኑ አገሮች ዜጎች ላይ የጣሉትን የጉዞ እገዳ 5 ለ4 ያጸናውም በዚሁ አንቀጽ ተደግፎ ነው። እንግዲህ ሥልጣኑን ማን ሰረቀ? ባለቤቱ እኮ በገዛ እጁ ነው ያስረከበው።

የሕግ ተማሪዋ፦
መምህር፣ የሰጠ መውሰድም ይችላል። ደግሞ 535 እንደራሴዎች ተሰብስበው ወረርሽኝን በየቀኑ ሊመሩ አይችሉም።

የታሪክ መምህሩ፦
መውሰድ ይችላል ያልሽው ነው ትልቁ ስሕተት። በ1976 የወጣው የብሔራዊ አስቸኳይ ጊዜ ሕግ፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች ፕሬዚዳንቱ ያወጁትን አስቸኳይ ጊዜ በተራ አብላጫ ድምፅ እንዲሽሩ ይፈቅድ ነበር። በ1983 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሌላ ጉዳይ ላይ፣ ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ ያልቀረበ የዚህ ዓይነት ሽረት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። በ2019 ኮንግረስ ለሜክሲኮ ድንበር ግንብ የተጠየቀውን ገንዘብ አልሰጥም ሲል ትራምፕ ገንዘቡን ለማግኘት አስቸኳይ ጊዜ አወጁ። የተወካዮች ምክር ቤት 245 ለ182፣ ሴኔት ደግሞ 59 ለ41 ይሻር አሉ፤ ከትራምፕ ፓርቲ 12 ሴናተሮች ጭምር። ፕሬዚዳንቱ በቪቶ መለሱት። የተወካዮች ምክር ቤት እንደገና ድምፅ ሲሰጥ 248 ለ181 ሆነ፤ ሁለት ሦስተኛው 286 ነበርና ወደቀ። ሲሰጡ ግማሹ ይበቃል፣ ሲያስመልሱ ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል። የአራጣ ብድር ይመስላል።

የሒሳብ ሠራተኛው፦
ካዝናውስ? በጀት ያለ ኮንግረስ አይወጣም።

ሾፌሩ፦
ግንቡም የተሠራው ከካዝናው በወጣ ገንዘብ ነው፤ በከፊል ለጦር ሠፈሮች ግንባታ ከተመደበው ተቀንሶ።

የሕግ ተማሪዋ፦
ተሸንፌያለሁ አልልም። በ1973 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፕሬዚዳንቱን የጦርነት ሥልጣን የሚገድበውን ሕግ በቪቶ ቢመልሱትም ኮንግረስ በሁለት ሦስተኛ አጽድቆታል። ያለ ኮንግረስ ፈቃድ ከ60 ቀን በላይ ውጊያ የለም የሚል ሕግ ነው። ሲፈልጉ ይችላሉ።

ሾፌሩ፦
በ2011 ኦባማ በሊቢያ 60ው ቀን ሲያልፍ መንግሥታቸው «ይህ ሕጉ የሚለው ዓይነት ውጊያ አይደለም» ብሎ ቀጠለ። ኦባማን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን አልተቃወምኩም።