የአባቴን የበገና ካሴቶች እየገለበጡ ለማድመጥ ምን ዓይነት የጠረጴዛ ስፒከር ይሻላል?

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዐቢይ ጾም ምሽቶች በገና ሲደረድር በቤታችን ቴፕ ራሱን ይቀዳ ነበር። ከእርሱ የተረፉንን ሠላሳ ያህል ካሴቶች አሁን ወደ ኮምፒዩተር በመገልበጥ ላይ ነኝ። ሥራውን የምሠራው ማታ ማታ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ በኮንዶሚኒየም ቤታችን ሳሎን ጥግ ላይ ግድግዳ ተጠግታ በተቀመጠች የአንድ ሜትር ጠረጴዛ ላይ ሲሆን፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የማዳምጠው በላፕቶፑ በራሱ ስፒከር ነበር።

ስሕተቴን የተረዳሁት ባለፈው ወር ነው። አምስት ካሴቶች ከገለበጥሁ በኋላ የበገናው ድምፅ እጅግ ቀጥኖ ስለተሰማኝ፣ በማስተካከያ ፕሮግራሙ ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ፣ ከፍ አድርጌ ለእኅቴ ላክሁላት። እርሷ በመኪናዋ ከፍታ ስታዳምጠው፣ «አባዬ የሚዘምረው ወፍጮ ቤት አጠገብ ነው እንዴ? ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እምምም የሚል ድምፅ አለው» አለችኝ። እኔ ያንን ጉምጉምታ አንድም ጊዜ ሰምቼው አላውቅም፤ ከነገረችኝ በኋላ ደግሜ በላፕቶፑ ባዳምጥም አልተሰማኝም።

ከዚያ በኋላ ካርቶኑ ላይ 1000 ዋት የሚል የተጻፈበት፣ ኃይሉን ከዩኤስቢ የሚወስድ ትንሽ ጥንድ ስፒከር ገዛሁ። እርሱ ደግሞ የላፕቶፑ ቻርጀር በተሰካ ቁጥር የራሱን ጩኸት ያሰማል፤ ቻርጀሩን ስነቅለው ጸጥ ይላል። በዚህ ምክንያት ከካሴቱ የመጣውንና ከስፒከሩ የሚመጣውን ድምፅ መለየት አቅቶኛል።

ሻጮች ሁሉ መሬት ላይ የሚቀመጥ ትልቅ ሰብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ ለብቻው የሚያወጣ ሳጥን) ያለውን እንድወስድ ይመክሩኛል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ የት እንደደረሰ ስለምታውቁ ሁለተኛ ጊዜ ልሳሳት አልችልም፤ ጎረቤቶቼንም በሌሊት ማወክ አልፈልግም። ለእንዲህ ያለ ሥራ ምን ብገዛ ይሻለኛል?

መልስ፦ በድምፅ ቀረጻ ሥራ ላይ ካለ አባል

ለአባትዎ ነፍስ ይማር። የያዙት ሥራ ተደግሞ የማይገኝ ስለሆነ በዝርዝር እመልስልዎታለሁ።

በመጀመሪያ ላፕቶፑ ለምን እንዳሳሳተዎት ልንገርዎ። በበገና ላይ በእያንዳንዱ አውታርና አውታሮቹን ደግፎ በሚይዘው ብርኩማ መካከል የምትገባው እንዝራ፣ ያቺ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ፣ አውታሩ ሲነካ ያንን የሚነዝር ድምፅ ታወጣለች። ይህ ንዝረት ከአውታሩ ዋና ወፍራም ድምፅ በላይ የተደራረቡ ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን የያዘ ነው። የላፕቶፕ ስፒከር ሽፋን በጣም ትንሽ ስለሆነ ብዙ አየር መግፋት አይችልም፤ በአብዛኛው ከ200 ሄርዝ (በሰከንድ 200 ንዝረት) በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ወይ በጣም አድክሞ ያወጣዋል ወይ ጨርሶ ይተወዋል። ጆሯችን ግን ቀጫጭኖቹን ሰምቶ የጎደለውን ወፍራም ድምፅ ስለሚገምት ዜማው አይጠፋብንም። ስለዚህ መዝሙሩን በትክክል እየሰሙ፣ የበገናውን ከባድ ድምፅ ግን ሳይሰሙ ቆይተዋል ማለት ነው።

እኅትዎ ወፍጮ ያሉት ጉምጉምታ የመብራት ድምፅ ነው። የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ በቴፕ ላይ የሚገባው ጉምጉምታ በ50 ሄርዝና በብዜቶቹ፣ በ100ና በ150 ላይ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ላፕቶፑ ከማይደርስበት ክልል ውስጥ ነው። ቤዙን ከፍ ሲያደርጉ የበገናውን መሠረት ለመመለስ አስበው ነበር፤ ነገር ግን የማይሰሙትን ጉምጉምታም አብረው አሳደጉት።

የምመክርዎ የራሱ አምፕሊፋየር በውስጡ ያለው፣ ሳጥኑ ከእንጨት የተሠራ፣ ባለ 4 ኢንች ወይም ለዚያ የቀረበ ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) ያለው ጥንድ ስፒከር ነው። ለምሳሌ ኤዲፋየር አር 1280 ቲ ባለ 4 ኢንች ሲሆን ሁለቱ በድምሩ 42 ዋት አርኤምኤስ (ሳያቋርጡ የሚሰጡት ኃይል) ያወጣሉ፤ ገመድ የሚሰካበት ሁለት መግቢያ ያለው በመሆኑ ላፕቶፑንና የካሴት ማጫወቻውን ባንድ ጊዜ ማገናኘት ይቻላል። ጄቢኤል 104 ደግሞ 4.5 ኢንች ሲሆን፣ አምራቹ እስከ 60 ሄርዝ እንደሚወርድ ይገልጻል። ከሁለቱ አንዱን ካላገኙ በመጠንና በአሠራር የሚመስላቸውን ይፈልጉ። ስሙ ቢለያይም ግድ የለም።

ሰብዉፈር ያለውን ግን አልመክርም። በርካሾቹ ላይ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ሁለቱ ስፒከሮች በጣም ትንንሽ ስለሆኑ፣ መሬት ላይ ያለው ሳጥን ከድርሻው በላይ ወጥቶ የሰው ድምፅ የታችኛውን ክፍል ሁሉ እንዲሸከም ይገደዳል። ያኔ አባትዎ ሲናገሩ ግማሹ ድምፃቸው ከእግርዎ ሥር ይመጣል። በገና ሲደረደር ደግሞ አንዱ አውታር ከሌላው ሳይለይ ሁሉም በአንድ ዓይነት ጉልበት ይደልቃል። ከዚህም በላይ ወለል ላይ የተቀመጠ ሰብዉፈር ድምፁን በቀጥታ ወደ ታችኛው ፎቅ ጣሪያ ያስተላልፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለ 4 ኢንች ስፒከር የ100 ሄርዙን ጉምጉምታ በደንብ ያሰማዎታል፤ 50ውን ግን አሳንሶ ነው የሚያሰማው። ስለዚህ ከገንዘብዎ ጥቂት ቀንሰው ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ባለ ገመድ ማዳመጫ ይግዙ። ጆሮ ላይ የተጠጋ ሽፋን ብዙ አየር መግፋት ስለማያስፈልገው፣ በዋጋ ከስፒከሩ ያነሰ ማዳመጫ እንኳ ከስፒከሩ በታች ይወርዳል። የሌሊቱን ሥራ በእርሱ፣ የመጨረሻውን ፍርድ ደግሞ ቀን ቀን በስፒከሩ ይስጡ።

መልስ፦ ከኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ

እኔ የምመልሰው ስለ ቻርጀሩ ጩኸት ነው፤ በየሳምንቱ ለጥገና ይዘውልኝ የሚመጡት ችግር ስለሆነ።

ስፒከርዎ አልተበላሸም። ኃይል በዩኤስቢ፣ ድምፅ ደግሞ በ3.5 ሚሊ ሜትሩ ጃክ ሲገባ፣ ሁለቱም ገመዶች የላፕቶፑን ግራውንድ (የኤሌክትሪኩን የጋራ መመለሻ መስመር) ወደ ስፒከሩ ስለሚወስዱ ክብ መንገድ ይፈጠራል። ቻርጀሩ ሲሰካ የእርሱ ረብሻ በዚያ ክብ መንገድ እየዞረ ወደ ድምፁ ይገባል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የዩኤስቢ ገመዱን ከላፕቶፑ ነቅለው በስልክ ቻርጀር ግድግዳው ላይ ይሰኩት። አብዛኛውን ጊዜ ጩኸቱ ወዲያው ይቆማል።

ገበያ ላይ በድምፅ ገመዱ መሃል የሚገባ ግራውንድ መለያ የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። ውስጡ ሁለት ጥቃቅን ትራንስፎርመሮች ያሉት ሲሆን ጩኸቱን በርግጥ ያጠፋል፤ ይሁን እንጂ ርካሹ ወፍራሙን ድምፅ አብሮ ስለሚቀንስ ለበገና አይሆንም። የላፕቶፑን ቻርጀር የግራውንድ እግር ቆርጣችሁ ጣሉት የሚሉ ሰዎችን ደግሞ ፈጽሞ አይስሙ። ያ እግር ከአደጋ የሚጠብቅ ነው።

1000 ዋት ስለሚለው ጽሑፍ፦ የተለመደው ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው 5 ቮልት በ0.5 አምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ብቻ ነው። ከ2.5 ዋት 1000 ዋት ሊወጣ አይችልም። እንዲህ ያለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ፒኤምፒኦ ከሚባለው ቋሚ መለኪያ ከሌለው አቆጣጠር የሚመጣ ስለሆነ፣ አርኤምኤስ ተብሎ የተጻፈውን ብቻ ይመልከቱ። በእርግጥም ዋት እጥፍ ሲሆን የድምፁ ጭማሪ 3 ዴሲቤል፣ ማለትም ጥቂት ብቻ ነው፤ አንድ ሜትር ርቆ ለሚቀመጥ ሰው 20 ዋት ይተርፋል።

ሱቅ ሲሄዱ ላፕቶፕዎንና የአባትዎን ቅጂ ይዘው ይሂዱ። ሻጩ በሚከፍትልዎ ሙዚቃ አይመዝኑ። ምንም ሳይጫወት ጆሮዎን ወደ ስፒከሩ አስጠግተው ሽሽሽ የሚለውን ድምፅ ያዳምጡ፤ ቀጥሎም ድምፁን ከዜሮ ቀስ እያሉ ከፍ ያድርጉ። ዝቅ ባለ ድምፅ ላይ አንዱ ጎን ቀድሞ የሚከፈት ከሆነ ሌላ ጥንድ እንዲያወጡልዎ ይጠይቁ፤ ምክንያቱም እርስዎ በሌሊት የሚሠሩት በዚያው ዝቅተኛ ድምፅ ነው።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ዘመድ ከአሜሪካ ይዞልዎ እንዲመጣ ካሰቡ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እዚህ የሚሸጡት ኃይላቸውን በቀጥታ ከሶኬት የሚወስዱ ስፒከሮች ብዙዎቹ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠሩ ናቸው። ለወንድሜ የላክሁለት ጥንድ አዲስ አበባ ላይ 220 ቮልት በተሰካ በመጀመሪያው ደቂቃ ተቃጥሏል። ከመግዛታቸው በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተው እንዲልኩልዎ ያድርጉ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ የሚል ከሆነ፣ ወይም 115ና 230 የሚል መቀያየሪያ ካለው ብቻ ይቀበሉ።

ብሉቱዝም ለዚህ ሥራ አይጠቅምዎትም። ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ በሞገዱ ሥዕል ላይ የሚያዩትና የሚሰሙት አይገጥምም፤ መቁረጫ ቦታውንም ይስታሉ።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የትንሿን ስፒከር ዩኤስቢ በስልክ ቻርጀር ሰካሁት፤ ጩኸቱ ጠፋ። ከዚያም ባለ 4 ኢንቹን ጥንድ ገዛሁ፤ ባለ ገመድ ማዳመጫም ጨመርሁ። የካሴቶቹን ጉምጉምታ አሁን እሰማዋለሁ። ነገር ግን ስፒከሮቹን ጠረጴዛዬ ላይ ሳስቀምጣቸው ቤዙ በጣም በዛ፤ የአባቴም ድምፅ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሱቁ ውስጥ እንዲህ አልነበረም።

መልስ፦ በድምፅ ቀረጻ ሥራ ላይ ካለ አባል

ያ ከጥጉ የመጣ ነው። ግድግዳ ወፍራሙን ድምፅ መልሶ ስለሚገፋው ያበዛዋል፤ ሁለት ግድግዳ የሚገናኙበት ጥግ ደግሞ ይበልጥ ያበዛዋል። የእርስዎ ግራ ስፒከር ለጥጉ የቀረበ ይመስለኛል። ጠረጴዛውን ወደ አንዱ ግድግዳ መሃል ያንቀሳቅሱት፤ ስፒከሮቹንም ከጀርባቸው ካለው ግድግዳ ቢያንስ ሃያ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያርቋቸው። በሁለቱ መካከል ያለውና ከእያንዳንዳቸው እስከ ራስዎ ያለው ርቀት እኩል ይሁን። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትዊተር በጆሮዎ ከፍታ እንድትሆን ከሥራቸው ወፍራም መጻሕፍት ይደርድሩ።

ለማረጋገጥ የአባትዎን ንግግር ይክፈቱ። የተቀዳው በአንድ ማይክ ስለሆነ ድምፃቸው ከግራም ከቀኝም ሳይሆን ምንም ዕቃ ከሌለበት ከመሃሉ፣ ከላፕቶፑ በላይ ካለው ባዶ ቦታ መምጣት አለበት።

ሌላም ነገር አለ። ጉምጉምታውን ለማጥፋት አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ስንት ሄርዝ ላይ እንዳለ በፕሮግራሙ ይለኩት። አባትዎ ሲቀዱ ቴፑን መብራት ላይ ሰክተውት ከነበረ፣ ያን ጊዜ የገባው ጉምጉምታ 50 ሄርዝ አካባቢ ነበር። አሁን በሌላ ቁጥር ላይ ካገኙት ካሴቱ የሚዞረው በተሳሳተ ፍጥነት ነው። ከማጫወቻዎ የሚገባው ጉምጉምታ ግን ምንጊዜም 50 ላይ ስለሚሆን ሁለቱን እንዳያምታቱ።

ጠያቂው፦

ጠረጴዛውን አንቀሳቀስሁት፤ ድምፁም መሃል ላይ ቆመ። ጉምጉምታውን ስለካው 51.5 አካባቢ ሆኖ አገኘሁት፤ ካሴቱ በመቶ ሦስት ያህል ፈጥኖ ሲዞር ነበር ማለት ነው። ፍጥነቱን አስተካክዬ ስከፍተው ድምፁ በግማሽ ሴሚቶን (በፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ግማሽ) ያህል ወረደ። ለእናቴ የተስተካከለ መሆኑን ሳልነግራት አሰማኋት፤ «እንዲህ ነበር የሚናገረው» አለች። ያለ ቤዝ ጭማሪ በመጀመሪያ የገለበጥኋቸውን አምስቱን ፋይሎች ስላልሰረዝኋቸው፣ ዛሬ ማታ ከእነርሱ እንደ አዲስ እጀምራለሁ።