አሺካጋ የ«ዴሞን ስሌየር» አበባ ቦታ ነው ወይ? መቼስ ይኬዳል?

ጠያቂ፦ አክስት ከዱባይ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ የምትኖረው የእህቴ ልጅ 14 ዓመቷ ነው፤ ላለፉት ሁለት ዓመታት በስልክ በተገናኘን ቁጥር «ዴሞን ስሌየር» ስለሚባለው የጃፓን አኒሜ (የካርቱን ተከታታይ ፊልም) ሳታነሣ የዘጋችበት ቀን ጥቂት ነው። የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን በጥሩ ውጤት ካለፈች ጃፓን እወስድሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር፤ እሷ አለፈች፣ እኔም በቃሌ ተያዝኩ። ከኤፕሪል 24 እስከ ሜይ 3 ቶኪዮ እንሆናለን።

ልጅቷ የምትፈልገው የታሪኩ ጀግና ታንጂሮ ጭራቅ ገዳይ ለመሆን የመጨረሻውን ፈተና በሚወስድበት ተራራ ላይ የሚታዩትን፣ ጭራቆቹ ፈርተው የማያልፏቸውን ወይን ጠጅ አበቦች በዓይኗ ማየት ነው። መረጃ ስፈልግ አሺካጋ የሚባል የአበባ መናፈሻ ስም እየተደጋገመ ይመጣብኛል። በእርግጥ ቦታው ያ ነው? በተጠቀሱት ቀናትስ አበባውን እናገኘዋለን? የታንጂሮን ካባና ከብረት የተሠራ የማስመሰያ ሰይፍም ገዝታለች፤ ለብሳና ይዛ ብትሄድ ችግር ይኖረው ይሆን? እኔ አኒሜውን ያየሁት ከኩሽና እየተመላለስኩ ስለሆነ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። አበባውን «የአዲስ አበባ ጃካራንዳ ነው» ብያት በጣም ተቆጥታኛለች።

መልስ 1፦ የካትሱሺካ ነዋሪ

እህቴ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በምንኖርበት በቶኪዮው የካትሱሺካ ወረዳ ስለምኖር ወደ አሺካጋ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አንደኛው ጉዞዬ የተሳካ፣ ሌላው ደግሞ በሰው ብዛት የተበላሸ ነበር።

በታሪኩ ውስጥ ያለው ተራራ ፉጂካሳኔ ይባላል፤ የፈጠራ ቦታ ስለሆነ በካርታ ላይ አይገኝም። ስሙ ግን ትርጉም አለው። «ፉጂ» ማለት እርስዎ የሚፈልጉት አበባ የሚወጣበት ሐረግ ነው፤ ከታወቀው የፉጂ ተራራ ስም ጋር በድምፅ ቢገጥምም በጽሕፈትም በትርጉምም ሌላ ቃል ነው። «ካሳኔ» ደግሞ መደራረብን ያመለክታል። አድናቂዎች ወደ አሺካጋ የሚጎርፉት በመመሳሰሉ ነው፤ አበባው በሚንጠለጠልበት ዳስ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ያየ ሰው ለምን እንዳመሳሰሉት ለመረዳት ጊዜ አይወስድበትም።

ልጅቷ አስቀድማ ልታውቀው የሚገባ አንድ ልዩነት አለ። በዚያ ተራራ ላይ አበባው ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፤ የእውነተኛው ዕድሜ ግን አንድ ወር ያህል ብቻ ነው። ወቅቱ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ አጋማሽ፣ ማለትም ከሞላ ጎደል የእኛው ሚያዝያ ሲሆን፣ ጸደዩ የሞቀ እንደሆነ ቀደም ይላል። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይፈካም፦ መጀመሪያ ፈዛዛ ሮዝ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጁ፣ ከዚያ ነጩ፣ በመጨረሻም ቢጫው ይከተላል። ወይን ጠጁን ለማየት የእርስዎ የመጀመሪያ ቀናት ጥሩ ናቸው። ኤፕሪል 29 የጃፓን ተከታታይ በዓላት የሚጀምሩበት ዕለት በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ባለ የሥራ ቀን እንዲሄዱ አጥብቄ እመክራለሁ። የተበላሸው ጉዞዬ በበዓሉ መካከል ያደረግሁት ነው፤ ከአበባው ይልቅ የሰው ጀርባ አይቼ ተመለስኩ።

መንገዱ አስቸጋሪ አይደለም። ከቶኪዮ ሺንካንሰን በሚባለው ፈጣን ባቡር እስከ ኦያማ ጣቢያ፣ ከዚያ በርዮሞ መስመር ባቡር ይኬዳል፤ በ2018 የተከፈተውና የመናፈሻውን ስም የያዘው ጣቢያ ከመግቢያው የጥቂት ደቂቃ እርምጃ ነው። የመግቢያው ዋጋ እንደ አበባው ሁኔታ ከቀን ቀን ይለያያል፤ በደመቀበት ሰሞን ለአዋቂ ከ2,000 የን በላይ ሊደርስ ስለሚችል አይደንግጡ።

ከቻሉ ከሰዓት በኋላ ገብታችሁ እስኪመሽ ቆዩ። በአበባው ወቅት ማታ ማታ መብራት ይበራል፤ ዘለላዎቹም በኩሬው ውኃ ላይ ተገልብጠው ይታያሉ። የታንጂሮ ፈተና የሚጀምረው በሌሊት መሆኑን አይርሱ። በቀን የሚታየው ውብ መናፈሻ ነው፤ ልጅቷ በልቧ የያዘችውን ትዕይንት የምታገኘው ግን ማታ ነው።

አረንጓዴና ጥቁር ዳማ ያለበትን ካባ በልብሷ ላይ ብትደርብ ጃፓን ውስጥ ማንም አይገረምም፤ ሆኖም ስለ አለባበስ ያላቸውን ደንብ መናፈሻውን አስቀድሞ መጠየቅ ጨዋነት ነው። ሰይፉን ግን ተዉት። በጃፓን ሕግ መሠረት ከብረት የተሠራ የማስመሰያ ሰይፍን ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መንቀሳቀስ የተከለከለ ነው።

መልስ 2፦ ችግኝ

የአትክልት ባለሙያ እንደመሆኔ ስለ ጃካራንዳው ለልጅቷ እፈርዳለሁ። ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ በራሱ ግንድ የሚቆም ዛፍ ነው። ፉጂ፣ በሌላ ስሙ ዊስቴሪያ፣ ከአተርና ከባቄላ ወገን የሆነ ሐረግ ስለሆነ የሚጠመጠምበት ካላገኘ አይቆምም፤ ስለዚህ ጃፓኖች ሰፊ ዳስ ይሠሩለታል፣ አበባውም ከዳሱ እንደ ወይን ዘለላ ወደ ታች ይንጠለጠላል።

አሺካጋ ሲደርሱ ትልቁን ሐረግ ፈልገው ከሥሩ እንዲቆሙ እፈልጋለሁ። ዕድሜው ከ150 ዓመት በላይ ነው። የ«ዴሞን ስሌየር» ታሪክ የሚፈጸመው ከ1912 እስከ 1926 በቆየው የታይሾ ዘመን በመሆኑ፣ ታንጂሮ እውነተኛ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ሐረግ በዘመኑ ሲያብብ ይደርስ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ዛሬ ባለበት ቦታ አልበቀለም። በ1996 ከሌላ ስፍራ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የተተከለ ሲሆን፣ ሥራውን የመሩት በጃፓን የመጀመሪያዋ ሴት የዛፍ ሐኪም የሆኑት ኮናሚ ትሱካሞቶ ናቸው። የፉጂ ግንድ ለስላሳ ስለሆነ በገመድ አስረው ሲያነሡት እንዳይጎዳ ያሰጋ ነበር፤ እሳቸው ግን የተሰበረ እጅ እንደሚታሸገው ግንዱን በጄሶ አሽገው አጓጓዙት። የዚህ የአንድ ሐረግ ዳስ ዛሬ 1,000 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። እኔ ከአኒሜው ይልቅ ይህን ታሪክ ነው የምወድደው፤ ልጅቷ ይቅርታ ታድርግልኝ።

ስለ መርዙም ልጨምር። በአኒሜው ውስጥ ከጭራቅ ገዳዮቹ አንዷ የሆነችው ሺኖቡ ጭራቆችን የምትገድልበትን መርዝ ከዚህ አበባ ማዘጋጀቷ እንዲሁ የተፈጠረ አይመስለኝም፤ የፉጂ ዘርና የዘር ከረጢት በእርግጥም ሰውን ያስታውካል፣ ሆድም ያሳምማል። ከረጢቶቹ የሚታዩት አበባው ከረገፈ በኋላ ስለሆነ እናንተ በምትሄዱበት ጊዜ የሚያሰጋ ነገር የለም። በአበባው ዙሪያ የሚያንዣብቡ ትልልቅ ጥቁር ንቦች ቢያጋጥሟችሁም አትሽሹ። ድምፃቸው ያስፈራል እንጂ ፊት ለፊት መጥተው የሚያንዣብቡት በአብዛኛው ወንዶቹ ናቸው፤ ወንዶቹ ደግሞ መንደፊያ የላቸውም።

መልስ 3፦ አደይ

ከመጀመሪያው መላሽ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ማታው ውብ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን የርዮሞ መስመር ባቡሮች እንደ ቶኪዮ በየሦስት ደቂቃው የሚመጡ አይደሉም፣ ሁሉም ተመልካች በአንድ ሰዓት ሲወጣ ደግሞ ከደከማት ልጅ ጋር በጣቢያው መቆም ቀላል አይደለም። እኔ በጠዋቱ፣ በሩ እንደተከፈተ ግቡ እላለሁ። ታንጂሮ የሚታወቀው በአፍንጫው ነው፤ በጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ አኒሜው ሊያሳይ የማይችለውን ሽታ ልጅቷ በእርጋታ ታሸትተዋለች።

ዝናብ ከዘነበ ወይም ከከተማ መውጣት ካልተመቻችሁ በቶኪዮ የኮቶ ወረዳ ወደሚገኘው የካሜይዶ ተንጂን መቅደስ ሂዱ። መግቢያው በነጻ ነው፤ በኩሬው ላይ ቀይ ቅስት ድልድይ አለ፣ ዳሶቹም ከውኃው ዳር ናቸው። ሠዓሊው ሂሮሺጌ ይህንኑ ድልድይና አበባ በ1850ዎቹ ስሎታል፤ የአሁኑ የመቅደሱ ሕንፃ ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንደገና የተሠራ ነው። ስፋቱ ከአሺካጋ ጋር አይወዳደርም፣ ሆኖም ከታይሾ ዘመን በፊት ጀምሮ ሰው ፉጂ ለማየት ይሄድበት የነበረ ቦታ ነው።

ጠያቂ፦ አክስት ከዱባይ

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አሺካጋ በደረስን በሦስተኛው ቀን፣ ከኤፕሪል 29 በፊት እንሄዳለን፤ ከሰዓት በኋላ ገብተን መብራቱ እንደበራ ትንሽ ቆይተን፣ ሰው ሳይወጣ ቀድመን ወደ ጣቢያው እንመለሳለን። ካሜይዶን ለዝናብ ቀን አስቀምጫለሁ። የጄሶውን ታሪክ በስልክ ስነግራት ልጅቷ ዝም ብላ ሰማችኝ፣ ከዚያም «ዛፉ አሞት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መልሱን ከሥሩ ቆመን እንነጋገርበታለን ብያታለሁ። ስለ ሰይፉ ግን እስካሁን አልነገርኳትም።