አሮጌ የፒንቦል ማሽኖችን ከደብረ ብርሃን ውርጭ እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

ባለ ሁለት ማሽን (ደብረ ብርሃን)፦

ጤና ይስጥልኝ። ከአጎቴ የወረስኳቸው ሁለት የፒንቦል ማሽኖች (የብረት ኳስ በሰሌዳ ላይ በመምቻ እየመቱ ነጥብ የሚሰበስቡባቸው የመጫወቻ ሣጥኖች) ሸዋ ሮቢት መጋዘን ውስጥ ተቀምጠዋል። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ፣ ነጥቡን በሚሽከረከሩ ቁጥሮች የሚያሳይና ሥራውን ሁሉ በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚከፈትና በሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ) እና በኮይል (በሽቦ ጥቅል ማግኔት) የሚያከናውን፣ ጎትሊብ የተባለው ኩባንያ ማሽን ነው፤ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የወጣ፣ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ያለው፣ ባሊ የተባለው ኩባንያ ማሽን ነው። ሁለቱንም ወደ ደብረ ብርሃን ላመጣቸው አስቤአለሁ፤ ሆኖም የቆላ ሙቀት የለመዱ ዕቃዎች ከ2,800 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ቀኑ ፀሐይ በሚሆንበት አገር እንዴት እንደሚከርሙ ያሳስበኛል። ለማስቀመጫ ያለኝ ወይ ኮርኒስ የሌለው የብሎኬትና የቆርቆሮ ሱቅ ነው፣ ወይ በእናቴ ግቢ የሚገኝ ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ክፍል። ሱቁ ፀሐይ ስለሚያገኝ ወደ እርሱ አዘነብላለሁ። ማታ ማታ የከሰል ምድጃ ማስገባት፣ ማሽኖቹንም በላስቲክ መጠቅለል ይጠቅም እንደሆነ የምታውቁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የሪሌይ ጠጋኝ (አዲስ አበባ)፦

ወንድሜ፣ ሱቁን ይተዉት፤ የድንጋዩን ክፍል ይምረጡ። ምክንያቱን ላስረዳ።

ብርዱ ብቻውን ይህን ያህል አያሰጋም። የመዳብ ሽቦውም ሆነ የሰሌዳው ኮምፔንሳቶ ዜሮ ዲግሪ የደረሰ ሌሊት ያለ ጉዳት ያሳልፋሉ፤ ጎማዎቹ ለጊዜው ይደርቃሉ፣ ያረጀ ግራሶም ይወፍርና መምቻዎቹን ያዘገያል፣ እሱ ግን ሲሞቅ ይመለሳል። የማይመለሰውን ጉዳት የሚያደርሱት የሙቀቱ መዋዠቅና እርሱን ተከትሎ የሚመጣው ጤዛ ናቸው። የክፍሉ አየር 20 ዲግሪ ሙቀትና 50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ካለው፣ ከ9 ዲግሪ ገደማ በታች የቀዘቀዘ ዕቃ ሁሉ ላዩ ላይ ውሃ ያቋጥራል። ሌሊቱን 4 ዲግሪ ላይ ያደረ ማሽን ባለበት ክፍል ጠዋት ሰው ገብቶ ቡና ሲፈላ፣ ጤዛው በማይታየው በሪሌዩ ኮንታክት (መገናኛ ነጥብ)፣ በኮይሉ ማሰሪያ ብረትና በኳሱ ላይ ያርፋል። የዛገ ኳስ ደግሞ በተንከባለለ ቁጥር የሰሌዳውን ቨርኒሽ እየፋቀ ሥዕሉን ያጠፋል።

ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ይህን ሁሉ ያባብሳል። ሰማዩ በጠራ ሌሊት ቆርቆሮው ከአየሩ ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ በውስጥ በኩል እርጥበት ያቋጥራል፤ ፀሐይ ስትመታው ይንጠባጠባል፤ ቤቱም ወዲያው ይግላል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ግን የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ተቀብሎ ሌሊት ቀስ ብሎ ስለሚመልስ፣ የክፍሉ ሙቀት ብዙም አይዋዥቅም።

ከሁሉ ይበልጥ የምሰጋው ለጎትሊቡ የራስጌ መስታወት ነው። ሥዕሉ የታተመው በመስታወቱ ጀርባ ነው፤ መስታወትና ቀለም በሙቀት እኩል ስለማይሰፉና እኩል ስለማይጠቡ፣ መዋዠቁ ሲደጋገም ቀለሙ እየተቀረፈ ይረግፋል። ጀርባውን በእርጥብ ጨርቅ ቀርቶ በደረቅም አይጥረጉት። ከኋላው ያሉት አምፖሎች ቁጥር 44 ከሆኑ በቁጥር 47 ይተኳቸው፤ የመጀመሪያው 0.25 አምፔር ሲወስድ ሁለተኛው 0.15 ብቻ ስለሚወስድ ሙቀቱ በግልጽ ይቀንሳል።

የከሰል ምድጃውን ፈጽሞ አያስቡት። ጭሱ በተዘጋ ክፍል ሰው እንደሚገድል ያውቃሉ፤ ለማሽኑም ቢሆን አየሩን በድንገት አሙቆ ብረቱን ቀዝቃዛ ከመተውና ኮንታክቱን አመድ ከማልበስ በቀር የሚፈይደው የለም። የቡታ ጋዝ ምድጃም ሲነድ የውኃ ትነት ስለሚያወጣ አይሻልም። ላስቲክም እርጥበቱን ውስጥ ያፍናል። እዚያው አገራችሁ መንዝ የሚሠራው ባና ከላስቲክ በብዙ ይበልጣል፤ አየር ያስተላልፋል፣ ለውጡንም ያዘገያል።

እንጨት ሠሪው (መሐል ሜዳ)፦

በተባለው እስማማለሁ፤ ባናው ግን ብል እንዳይበላው አልፎ አልፎ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ስለ እንጨቱ ልጨምር። እንጨትን የሚያሳብጠውና የሚያኮማትረው ከሙቀቱ ይልቅ እርጥበቱ ነው። ኮምፔንሳቶ ንብርብሮቹ ተሻግረው ስለተለጠፉ ብዙ አይንቀሳቀስም፤ በሰሌዳው ውስጥ የተቀበሩት ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲኮች ግን የራሳቸው ጠባይ ስላላቸው ጠርዛቸው ይነሳል ወይም ይሰምጣል፣ በዙሪያቸውም ቨርኒሹ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከበጋው ውርጭ ባላነሰ የሐምሌና የነሐሴ ጉም ያሳስብዎ። ማሽኖቹን ከግድግዳው አርቀው፣ ከሲሚንቶው ወለል ከፍ አድርገው በጣውላ ላይ ያቁሙ። የ25 ዋት አምፖል በሣጥኑ ግርጌ ሌሊቱን ቢበራ ደግሞ ውስጡ ከክፍሉ ጥቂት ሞቅ ስለሚል ጤዛ አይቋጥርም።

የሪሌይ ጠጋኝ (አዲስ አበባ)፦

የአምፖሉ ሐሳብ በመርህ ደረጃ ልክ ነው፤ እኔ ግን አልመክረውም። መብራት ሲጠፋ ሣጥኑ ሊቀንሱለት የፈለጉትን መዋዠቅ ራሱ ያመጣበታል፤ ከዚያም በላይ በአሮጌ ሽቦና በደረቀ እንጨት መካከል፣ ባና ከላይ ለብሶ፣ ማንም ሳያየው ሲግል የሚያድር አምፖል እንቅልፍ ይነሳኛል።

ቦርድ አንባቢ (አዳማ)፦

ስለ ባሊው አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። በቦርዱ ላይ የተበየደ ትንሽ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ይገኛል፤ ሲያረጅ ያፈሳል፤ ፈሳሹም የቦርዱን መስመሮች እየበላ ይሄዳል፣ እርጥበት ሲያገኝ ይብስበታል። ሳይጫን በፊት አስነቅለው ያውጡት። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካዩ ቦታው በኮምጣጤ ይታጠብ፣ በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ፣ በአልኮል ይድረቅ። ባትሪ ባይኖረውም ማሽኑ ይጫወታል፤ የሚጠፋው የተመዘገበው ከፍተኛ ነጥብና በቦርዱ ማስታወሻ የተያዙ ቁጥሮች ብቻ ናቸው።

ባለ ሁለት ማሽን (ደብረ ብርሃን)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የድንጋዩን ክፍል ማጽዳት እጀምራለሁ። የቀረኝ ጥያቄ ጉዞው ነው። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ መውጣት በሰዓታት ውስጥ የሚደርስ ትልቅ ለውጥ ነውና ምን ላድርግ?

የሪሌይ ጠጋኝ (አዲስ አበባ)፦

ሞቃት ዕቃ ወደ ብርድ ሲገባ ላዩ አያልበውም፤ ስለዚህ መውጣቱ ከመውረዱ ይልቅ ቀላል ነው። የሚያሰጋው ሣጥኑ ውስጥ ታፍኖ የሚመጣው የቆላ አየር ነው፤ ጣርማ በር ላይ መስታወቱ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱን እዚያው ያራግፋል። በደረቅ ወር ይጫኑት፤ በላስቲክ ሳይሆን በብርድ ልብስ ይጠቅልሉት፤ ሸራ ከላይ ለዝናብና ለጉም ብቻ ይሁን። ኳሶቹን አውጥተው በዘይት በታሸ ጨርቅ ለብቻ ይያዙ፤ የራስጌውን መስታወትም ነቅለው አቁመው ያምጡት እንጂ አያጋድሙት። ደብረ ብርሃን ሲደርስ ብርድ ልብሱን ሳይፈቱ ክፍሉ ውስጥ ያሳድሩት፤ በማግስቱ ከፍተው ውስጡ መድረቁን በእጅዎ ዳስሰው ካረጋገጡ በኋላ ብቻ መብራት ይስጡት።