የፅንሱ አንገት ለሁሉም ነፍሰ ጡር ይለካ? (የድሬ ሰዎች ክርክር)

የሳቢያኗ፦ ትናንት 12 ሳምንቴ ነበር። ሐኪሙ የአልትራሳውንዱ ስክሪን ላይ ቆየት ብሎ «ከአንገቱ ጀርባ ያለው ፈሳሽ 3.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወፈር ብሏል። ዳውን ሲንድሮም፣ ማለትም የአእምሮና የአካል እድገትን የሚያዘገይ አብሮ የሚወለድ ሁኔታ፣ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል» አለኝ። ጄሉን የምጠርግበት ሶፍት ሰጠኝና ቀጣዩዋን ጠራ። እንቅልፍ የለኝም። ይሄ ለሁሉም ነፍሰ ጡር ይሰጥ የሚሉ አሉ። ለምን?

የከዚራው፦ አቦ! እናቴ ሰባት ወልዳለች፤ ስክሪን የሚባል አላየችም። አላህ የሰጠውን መቀበል ነው።

አዋላጇ፦ የቆጠርከው የተወለዱትን ነው። ያልደረሱትንስ ጠይቀሃታል? የሳቢያኗ፣ እህቴ፣ ይሄ ማጣሪያ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ከ11 ሳምንት እስከ 13 ሳምንት ከ6 ቀን ብቻ ነው የሚለካው። ፅንሱ አንገቱን ቀና ካደረገ እንኳ ልኬቱ ይወፍራል። ወፍሮባቸው ጤነኛ የሚወለዱ ብዙ ናቸው።

የሳቢያኗ፦ ማረጋገጫውስ?

አዋላጇ፦ በመርፌ ከእንግዴ ልጁ፣ ወይ ከ15 ሳምንት በኋላ ከሽርት ውሃው ይወሰዳል። ክሮሞሶሙ፣ ዘር ተሸካሚው ክር፣ ይታያል። 21ኛው በሁለት ፈንታ ሦስት ከሆነ ዳውን ሲንድሮም ነው።

የከዚራው፦ መርፌው ጤና ጣቢያ አለ?

አዋላጇ፦ ጤና ጣቢያማ የለም።

የከዚራው፦ በቃ! የማታረጋግጡትን ነገር ነግሮ ሰው ማስደንገጥ ምን ይባላል?

የአቡሽ እናት፦ እኔ ልናገር። ልጄ ዳውን ሲንድሮም አለው፣ ስድስት ዓመቱ ነው። ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። ልቡ ላይ ቀዳዳ እንዳለ የታወቀው በስምንት ወሩ ከንፈሩ ሲጠቁር ነው። ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ነው የሚወለዱት። ባውቅ ኖሮ በተወለደ ሳምንቱ አሳየው ነበር። አሁን የአባቱን ባጃጅ በድምፁ ለይቶ በር ይከፍታል። ምርመራ ሲባል ማስወረድ ብቻ የሚታያችሁ፣ ተዉ።

ሕግ አጥኚው፦ እሱም ቢሆን በሕግ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ፅንሱ የማይድንና ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖረው ይፈቅዳል። ዳውን ሲንድሮም በስም አልተጻፈም፤ ስለዚህ ያከራክራል።

አዋላጇ፦ እኔ ለሁሉም ይቅረብ ባይ ነኝ። ግን አልጋው ላይ ሳትወጣ ትጠየቅ፤ «ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» ተብላ። አንቺን ማንም አልጠየቀሽም። ጥፋቱ እሱ ነው።

የከዚራው፦ መጠየቁ ላይ እስማማለሁ። ለሁሉም የሚለው ላይ ግን አልተንቀሳቀስኩም።

የሳቢያኗ፦ የአቡሽ እናት፣ ልቡ ሆድ ውስጥ እያለ ይታያል?

አዋላጇ፦ ይታያል። ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው።

የሳቢያኗ፦ ስድስት ሳምንት ቀረኝ።