ኮተቤ አካባቢ ካሉት የመንግስት 1ኛ ደረጃ ት/ቤቶች የቱን ልምረጥ?

የማርታ እናት፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ልጄ ዘንድሮ 2ኛ ክፍል ጨረሰች፣ እስካሁን የግል ነበረች ግን የመጪው ዓመት ክፍያ ሲነገረን ከአቅማችን በላይ ሆነብን፣ ስለዚህ ለመስከረም መንግስት ት/ቤት ልናስገባት ነው። በእግር የሚደረስ ሁለት አለ። አንዱ ሰፊ ግቢ ያለው የድሮ ነው፣ ስሙ ጥሩ ነው ግን ክፍሉ ይጨናነቃል ይላሉ። ሌላው አዲስ ህንፃ ነው። ጎረቤት ስጠይቅ አንዷ "በጣም አሪፍ ነው" ትላለች ሌላዋ "እንዳትሞክሪው"። እናንተ በምን ለያችሁ? ደግሞ ሂሳብና ሳይንስ የለመደችው በእንግሊዝኛ ነው፣ እሱ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ጠመኔ፦
እህቴ እኔ የመንግስት ት/ቤት መምህር ነኝ። ወሬውን ተይውና የኢንስፔክሽን ደረጃቸውን ጠይቂ። ት/ቤቶች በ26 ስታንዳርድ ተገምግመው ከደረጃ 1 እስከ 4 ይወጣላቸዋል፣ ከመቶ 70 የደረሰ ደረጃ 3 ነው፣ 90 የደረሰ 4። ከመቶው 25 ግብዓት ነው፣ ህንፃው መፅሐፉ ምናምን፣ 35 የመማር ማስተማሩ ሂደት፣ 40 ደግሞ ውጤት፣ ስለዚህ ህንፃው ስላማረ ብቻ እንዳትወስኚ። ርዕሰ መምህሩን "ነጥብ ያጣችሁት በየቱ ነው?" በይው፣ እኔ እንዲህ የሚጠይቅ ወላጅ ሲመጣ ደስ ነው የሚለኝ። የ3ኛ ክፍል ሴክሽን ስንት እንደሆነና በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንዳለም ጠይቂ፣ ስታንዳርዱ 50 ነው።

አባ ናቲ፦
መምህሩ ልክ ነው፣ እኔ ግን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም። ሁለቱም ጋ ሄጄ መጀመሪያ ያየሁት ሽንት ቤቱን ነው፣ ቧንቧው ውሃ አለው ወይ የሴትና የወንድ ተለይቷል ወይ። ከዛ ከት/ቤት የሚወጡ ልጆች አስቁሜ ከነእናታቸው ደብተራቸውን አሳዩኝ አልኩ። የአንደኛው ት/ቤት ልጅ የሂሳብ ደብተር ለሦስት ሳምንት ቀይ እስኪርቢቶ አልነካውም፣ የሌላኛው ግን መምህሯ ስህተቱን አክብባ ከጎኑ "እንደገና ሥራው" ብላለች፣ ልጁም ከስሩ ደግሞ ሠርቶታል። እዛው ወሰንኩ።

ፍሬህይወት፦
የማርታ እናት፣ ቋንቋው ላይ ልንገርሽ እኔም አምና ከግል ነው ያዛወርኩት። መጀመሪያ ሰሞን ልጄ ቤት መጥቶ "እማ ክፍልፋይ ምንድነው?" አለኝ፣ ፍራክሽን ሲባል ጥርት አርጎ የሚሠራው ልጅ! ማታ ማታ የአማርኛውን መፅሐፍ ድምፁን ከፍ አርጎ እንዲያነብልኝ አደረኩ፣ ለጥምቀት ለምዶት ነበር። ግን እንግሊዝኛውን እንዳትተዪው፣ 7ኛ ሲገቡ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ስለሚዞር ያኔ ይቸገራሉ፣ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ተረት አስነብበዋለሁ። ቁርስና ምሳ እዛው ይበላል፣ ዩኒፎርምና ደብተርም ከተማው ነው የሚችለው፣ ለኛ ቤት ትልቅ እፎይታ ነው።

የማርታ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም 🙏 ሰኞ ጠዋት ሁለቱም ጋ እሄዳለሁ። ለምዝገባ ምን ልያዝ?

ጠመኔ፦
ካርዷንና የልደት ሰርተፍኬቷን ያዢ፣ መልቀቂያዋን ደግሞ ከግሉ አሁኑኑ አውጪ፣ ነሐሴ ላይ ቢሮው ወረፋ ነው።